ካልሲዎ የተወው መስመር

ማታ ቤት ገብተው ካልሲዎን ሲያወልቁ ከቁርጭምጭሚትዎ በላይ የላስቲኩ መስመር ተሰርጉዶ ያገኙታል። ጠዋት ሲነሡ ግን የለም። ማን አነሣው?

ነገሩ የሚጀምረው ከደም ነው። ደም ከፀጉር በቀጠኑ ስሮች ውስጥ ሲያልፍ፣ ከውሃማው ክፍል ጥቂቱ በግድግዳቸው እየሾለከ በሕዋሳት መካከል ይፈስሳል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ምግብም ኦክስጅንም ወደ ሕዋሳቱ የሚደርሰው በዚህ ፈሳሽ በኩል ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን ወይም ቆመን ስንውል ግን በእግር ደም መልሶች ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ የሚሾልከውም ይበዛል። ላስቲኩ ያንን ፈሳሽ ነው ወደ ጎን የገፋው።

ከሾለከው ውስጥ በሕዋሳት መካከል የቀረውን ሰብስቦ ወደ ደም የሚመልሰው የሊምፍ ሥርዓት ነው። በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር ያህል ይመልሳል። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ያለው ውሃማ ክፍል በሙሉ 3 ሊትር ገደማ መሆኑን ሲያስቡት ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባዎታል።

የሊምፍ ቧንቧ ጫፉ ድፍን ነው። ግድግዳውም ጠርዛቸው በተደራረበ ስስ ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ ፈሳሹ ከውጭ ሲገፋ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይከፈታል፣ ከውስጥ ሲገፋ ይገጥማል። ታዲያ እግር ሲያብጥ ይህ ስስ ቧንቧ ተጨፍልቆ አይዘጋም? አይዘጋም። ከሕዋሳቱ ወደ ዙሪያው ሥጋ የተወጠሩ ቀጫጭን ክሮች አሉ። የሰርግ ድንኳን ሲተከል ገመዱ ወደ ውጭ በተሳበ ቁጥር ሸራው ተወጥሮ ውስጡ እንደሚሰፋ ሁሉ፣ ሥጋው ባበጠ መጠን ክሮቹ ይሳባሉ፤ ቧንቧውም ይብሱን ይከፈታል። እብጠቱ ራሱ መውጫውን ይከፍታል! ስለ ሰውነታችን ከማውቀው ሁሉ እንደዚህ የሚገርመኝ ጥቂት ነው።

በቧንቧው ውስጥ ያለውን ፈሳሽ፣ ሊምፍን፣ የሚገፋ ልብ የለም። ትልልቆቹ ቧንቧዎች በየራሳቸው ይኮማተራሉ፤ በውስጣቸው ያሉት ክዳኖችም የወጣው ተመልሶ እንዳይወርድ ይይዙታል። የቀረው ጉልበት የእርስዎ ነው፤ በእርምጃዎ የሚኮማተረው ባትዎ፣ ሲተነፍሱ ከፍ ዝቅ የሚለው ደረትዎ። ሌሊት ደግሞ እግርዎ ከልብዎ እኩል ስለሚሆን የሚሾልከው ይቀንሳል፣ የሚመለሰውም ይቀልለዋል።

ይሞክሩት። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ በቁርጭምጭሚትዎ ዙሪያ ክር ያዙሩና ጫፉ የሚደርስበትን በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ። ማታ እዚያው ቦታ ላይ መልሰው ይለኩ። በማግሥቱ ደግሞ በየሰዓቱ እየተነሡ ተረከዝዎን ደጋግመው ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ ማታ ክሩን ያወዳድሩ።

ሊምፉ ወደ ላይ ሲጓዝ በብሽሽት፣ በብብት፣ በአንገት በኩል በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ዕጢዎችን ያቋርጣል። እግርዎ ቆስሎ ብሽሽትዎ ላይ ንፍፊት የሚወጣው ለዚህ ነው፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ከቁስሉ የመጣውን ጀርም ለይተው እዚያ እየተባዙ ነው። ቁስሉ ሲድን አብዛኛውን ጊዜ ንፍፊቱም ይጠፋል። ጠንክሮ፣ ሳያምም ለሳምንታት የቆየ እብጠት ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

የፋሲካው ቅቤም በዚሁ መንገድ ነው የሚያልፈው። አብዛኛው ምግብ ከአንጀት በደም ወደ ጉበት ሲሄድ፣ ቅባቱ ግን በሊምፍ ቧንቧ ይገባና ደረትን ሽቅብ ወጥቶ በአንገት ግርጌ በስተግራ ካለው ትልቅ ደም መልስ ጋር ይቀላቀላል። ቅባት የያዘው ሊምፍ ነጭ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ጋስፓሬ አሴሊ በ1622 እ.ኤ.አ. በቅርቡ የበላ ውሻ አንጀት አካባቢ ነጫጭ ስሮችን ያየው በዚህ ምክንያት ነበር።

ይህ የሊምፍ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን በወላይታና በጎጃም ብዙ ቤተሰብ ያውቀዋል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው፣ በዘሩ ተጋላጭነት ካለው፣ ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች በቆዳው ገብተው የእግሩን የሊምፍ ቧንቧዎች ያቆስሉበታል። ፈሳሹ መመለሻ ያጣል፤ ዝሆኔ ይሆናል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ብሪታንያዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ሰዎች የሊምፍ ዕጢ ውስጥ የአፈሩን ማዕድናት አግኝቷል።

ስለዚህ ይህ ዝሆኔ እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በዚህ ሰበብ ልጅ መዳር የሚከለከልበት፣ ከማኅበር የሚገለልበት ሰው መኖሩ ያሳዝናል። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። ለተያዘውም ቢሆን በየቀኑ እግርን አጥቦ በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡም እግርን ከፍ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሰዋል።