ጣራና ጤና በገዳሪፍና በመተማ ጠረፍ

ከገዳሪፍ ከተማ በዶካ በኩል እስከ ጋላባትና መተማ፥ ከዚያም በስተ ሰሜን እስከ ሑመራ ድረስ የተዘረጋው ቈላ በሰሊጥ፥ በማሽላና በጥጥ ምርቱ የታወቀ ነው። በገዳሪፍ አውራጃ በትራክተር የሚካሄደው ሰፊ እርሻ የተጀመረው በ1940ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ይህን ሰፊ እርሻ የሚያርመውና ሰብሉን የሚሰበስበው፥ በየዓመቱ ከደጋው አገርና ከሌሎችም ክፍሎች ለሥራ የሚወርደው ብዙ ሺሕ ሕዝብ ነው። ሠራተኛው በአገሩ ቤትና ቤተ ሰብ ያለው ቢሆንም፥ በእርሻው በሚቈይባቸው ወራት ግን ማደሪያው የሣር ዳስ፥ የላስቲክ ጥላ፥ አለዚያም ባዶ ሜዳ ነው።

መጠለያ ማጣት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በታላላቅ ከተማዎች ጎዳና ላይ የሚያድሩትን ነው። ነገር ግን በዚህ ጠረፍ የተደረጉ የጤና ምርመራዎች፥ ሰው የሚያድርበት ስፍራ የሚይዘውን በሽታ እስከ መወሰን እንደሚደርስ በግልጽ ስለ አሳዩ፥ ውጤታቸውን ማወቅ ለእርሻ ባለቤቱም፥ ለሠራተኛውም፥ ለአስተዳደሩም የሚጠቅም ነው።

የካላ አዛር ጠባይ

በዚህ ቈላ ከሚገኙት በሽታዎች እጅግ አስፈሪው ካላ አዛር ነው። በሽታውን የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚባል፥ ከትንኝ እጅግ ያነሰ ተናካሽ ነፍሳት ነው። ተሕዋሲው ወደ ሰው ሰውነት ከገባ በኋላ በጣፊያ፥ በጉበትና በዐጥንት መቅኔ ውስጥ ይራባል። በሽተኛው ለብዙ ሳምንት ያተኵሰዋል፤ ይከሳል፤ ደሙ ያንሳል፤ ጣፊያውም ያብጣል። ሕክምና ያላገኘ በሽተኛ ከሞት የሚያመልጠው እጅግ አልፎ አልፎ ነው።

ዝንቡ በተለይ የሚመቸው በደረቁ ወራት የሚሰነጣጠቀው ጥቁር የዋልካ አፈርና በላዩ የሚበቅሉት ዛፎች፥ ይኸውም ሱዳኖች ታልህ የሚሉት የግራር ዓይነትና ሂጅሊጅ የሚሉት ዛፍ የሚገኙበት ስፍራ ነው። ዝንቡ የሚበዛው ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ሲሆን፥ የሚናከሰውም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። እንግዲህ በቀን ከፀሐይ የሚያስጠልለው ያው ዛፍ ሌሊት ለበሽታ ያጋልጣል ማለት ነው።

ምርመራዎቹ ያገኙት

በ2005 በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ካላ አዛር በወረርሽኝ መልክ ተነሣ። በሽታው በዚያ አገር ቀድሞ ያልታወቀ ስለ ነበረ መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ተገምቶ ነበር። ወደ ሑመራና ወደ መተማ ለሥራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ሳያመጡት እንዳልቀረም ይታሰባል። በኋላ ሊቃውንት በሽተኞችን ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር ሲያመዛዝኑ፥ ሌሊት ከቤት ውጭ የማደር፥ ቀንም በግራር ሥር የመተኛት ልማድ የነበራቸው ሰዎች ይበልጥ እንደ ተያዙ አገኙ።

በ2013 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ በቃፍታ ሑመራ የነበሩትን የወቅት ሠራተኞችና የአገሩን ነዋሪዎች ለያይቶ መረመረ። በዚያም በግራር ሥር መተኛት፥ በመሬት ላይ መተኛትና ውሻ በሚገኝበት አጠገብ ማደር አደጋውን የሚያበዙ ሆነው ተገኙ፤ በአጎበር መጠቀም ግን ጥቅም እንዳለው ታየ። ቤት ነው ተብሎ የሚቈጠረውም ሁሉ እኩል አይደለም፤ ግድግዳው ከሣር የተሠራ ጎጆ ነፍሳቱን የማይከለክል በመሆኑ ለነዋሪው ያለው ጥበቃ ዝቅተኛ ነው።

እንዲህ ያለው ምርመራ ግን በጥንቃቄ መነበብ ይገባዋል። በሜዳ የሚያድር ሰው ብዙ ጊዜ ድኻ ነው፤ ምግቡም ያነሰ ነው፤ ሐኪም ቤትም ይርቀዋል። ስለዚህ የበሽታው ምክንያት የመኝታው ስፍራ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። የመኝታው ስፍራ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን ይልቁን የሚያጠነክረው፥ መኝታውን በመለወጥ የተገኘው ውጤት ነው።

የአጎበሩ ሥራ በገዳሪፍ

ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር ከ1999 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በገዳሪፍ አውራጃ በሽታው ለጠናባቸው 155 መንደሮች መድኃኒት የተነከረ 357,000 ያህል አጎበር አደለ። ውጤቱ በ2007 ታትሞ ሲወጣ፥ አጎበሩ ከታደለ ከ17 እስከ 20 ወር ባለው ጊዜ የበሽተኛው ቍጥር በ59 ከመቶ እንደ ቀነሰ፥ በጠቅላላውም እስከ 2004 መጀመሪያ ድረስ 1,060 ያህል ሰዎች ከበሽታው እንደ ዳኑ ተገመተ።

ሆኖም ሥራው ያልተሟላበት ምክንያት ነበረው። ሰዎች አጎበሩን በብዛት የሚዘረጉት ትንኝ በሚበዛበት በክረምት ነው፤ የአሸዋው ዝንብ የሚበዛው ግን ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ደግሞም ቤተ ሰቡ በምሽት ገና በደጅ ተቀምጦ ሲጫወት ዝንቡ ሥራውን ይጀምራል። ከዚህ የተነሣ አጎበሩን ከማደል ጋር የዝንቡን ወራትና ሰዓት ማስተማር እንደሚያስፈልግ ታውቋል።

ሕክምናውና ከሕክምናው በኋላ

የካላ አዛር ሕክምና ከቀድሞው ተሻሽሏል። ለብዙ ዓመት 30 ቀን ይፈጅ የነበረው መርፌ፥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 በሰጠው ምክር መሠረት ሁለት መድኃኒት ተጣምሮ ወደ 17 ቀን አጠረ። ገዳሪፍንና ጎንደርን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ በሚገኙ ሐኪም ቤቶች የተሞከረውና ውጤቱ በ2022 የታተመው ሌላ ሕክምና ደግሞ የሚዋጥ መድኃኒትን ከመርፌ ጋር አጣምሮ በ14 ቀን የሚያልቅ ነው።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን የቀን ሠራተኛ ለ14 ቀንም ቢሆን በሐኪም ቤት ሲተኛ ደመወዙ ይቋረጣል። ከሐኪም ቤት ሲወጣም ደክሞ ሳለ የሚመለሰው ወደዚያው ሜዳ ነው። በተለይ ከካላ አዛር ጋር የኤድስ ተሕዋሲ ያለበት ሰው በሽታው ደጋግሞ ሊያገረሽበት ስለሚችል፥ ሐኪም ዘወትር ሊከታተለው ያስፈልጋል። አድራሻ የሌለውንና ዛሬ በአንዱ፥ ነገ በሌላው እርሻ የሚያድረውን ሰው ግን ለመከታተል እጅግ ያስቸግራል።

በስደት ዘመን

ጠረፉ ከሠራተኛው ሌላ የስደተኛ ማረፊያም ነው። በገዳሪፍ አውራጃ ያለው የኡም ራኩባ ሰፈር በ1984 እና በ1985 በረኃብና በጦርነት ምክንያት የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ያረፉበት ነበር፤ ብዙዎችም በዚያ በበሽታ አልቀዋል። በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ይኸው ሰፈር እንደ ገና ተከፈተ፤ በ2021 መጀመሪያም የቱናይድባ ሰፈር ተጨመረ። በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲገባ ኀይለኛ ነፋስና ዝናብ ድንኳኖችን አፈረሰ። የዋልካ አፈር ሲርስ መኪና ስለማያሳልፍ መድኃኒትና እህል ማድረስም አስቸጋሪ ሆነ።

በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲነሣ መንገዱ ተገለበጠ፤ ከካርቱምና ከሌሎችም ስፍራዎች የሸሸው ሕዝብ በገዳሪፍ ትምህርት ቤቶች ሳይቀር ተጠለለ፤ ሌላውም በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በመስከረም 2023 በገዳሪፍ የኮሌራ ወረርሽኝ መነሣቱ በይፋ ተገለጸ። ጣራ ብቻውን ኮሌራን አያግድም፤ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ መጠለያ ተብሎ ሊጠራ የሚገባው ጣራው፥ ውሃው፥ መጸዳጃውና ወደ ሐኪም የሚያደርሰው መንገድ ሲሟሉ ነው።

የሌላው ዓለም ልምድ

በኒው ዮርክ ከተማ በ1992 ሳም ሴምቤሪስ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ አንድ አዲስ አሠራር ጀመሩ። ቀድሞ በጎዳና ያደረ በሽተኛ ቤት የሚሰጠው አስቀድሞ ሲታከምና ጠባዩን ሲያርም ነበር፤ በአዲሱ አሠራር ግን ቤቱ ይቀድማል፤ ሕክምናና ድጋፍም ቤቱ ድረስ ይከተላል። ካናዳ ይህንኑ ከ2009 እስከ 2013 በአምስት ከተማዎች ከ2,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ መረመረች። ቤትና ድጋፍ ያገኙት ካላገኙት ይልቅ በቤታቸው ጸንተው ተገኙ። በጤናቸው ረገድ ግን ሁለቱም ወገኖች ስለ ተሻሻሉ በመካከላቸው የታየው ልዩነት ጥቂት ነበር። ከዚህም ቤት የሕክምና መሠረት እንጂ የሕክምና ምትክ አለመሆኑን መረዳት ይቻላል።

ለጠረፉ የሚሆነው

የካናዳ ከተማና የመተማ በረኻ አንድ አይደሉም። ዳሩ ግን በዚህ አገር ሊሠራ የሚችለው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የእርሻ ባለቤት ለሠራተኞቹ የማደሪያ ዳስ ሲሠራ ከግራር ዛፍና ከተሰነጠቀ መሬት አርቆ፥ ግድግዳውን በጭቃ መርጎ፥ ከመሬት ከፍ ያለ መኝታ አድርጎ ቢሠራው፥ አጎበርም ለእያንዳንዱ ሰው ቢሰጥ፥ የሚያወጣው ወጪ በመከር ወቅት ሠራተኛው ታሞ ከሚቀርበት ጉዳት ያነሰ ነው። ሠራተኛውም ትኵሳት ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቈይበት ወባ ነው ብሎ ሳይዘናጋ ሊመረመር ይገባዋል፤ ምርመራው ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም በአጭር ጊዜ የሚፈጸም ነው። ወደ ደጋ የሚመለሰው ሰው ደግሞ በቈላ መክረሙን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። በሊቦ ከምከም እንደ ታየው ሐኪሙ ይህን ሳያውቅ ሲቀር በሽታው በሌላ ስም እየተጠራ ብዙ ሰው ይጎዳልና።