ምጽዋ

ምጽዋ (በትግርኛ ባጽዕ) በኤርትራ የምትገኝ የቀይ ባሕር የወደብ ከተማ ናት። አሮጌው ከተማ በደሴት ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ጣውሉድ በምትባል ሌላ ደሴት በኩል ባሕሩን አቋርጦ በተሠራ መንገድ ከየብስ ጋር ይገናኛል። ምጽዋ ለብዙ ዘመናት የኢትዮጵያን ደጋ ከዓረብ አገር፣ ከግብፅና ከሕንድ ጋር ስታገናኝ ኖራለች።

የባሕር ማዶ ንግድ

በአክሱም ዘመን ዋናው ወደብ ከምጽዋ በስተደቡብ የነበረው አዱሊስ ነበር። አዱሊስ ከጠፋ በኋላ የዳህላክ ደሴቶችና ምጽዋ ቦታውን ወረሱ። የሲራራ ነጋዴዎች ከደጋው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ሰም ያወርዱ ነበር። ባሪያዎችም ከዚሁ ወደብ ወደ ጅዳና ወደ የመን ይጫኑ ነበር። ከሕንድ የጥጥ ጨርቅና ቅመማ ቅመም ይመጣ ስለነበር ባንያን የሚባሉ የሕንድ ነጋዴዎች በከተማዋ ይኖሩ ነበር። ከባሕር ድንጋይ (ከዛጎል ድንጋይ) የተሠሩት አሮጌ ቤቶች ከጅዳና ከሱዋኪን ቤቶች ጋር ይመሳሰላሉ።

የኦቶማን አገዛዝ

የኦቶማን ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ1557 ምጽዋን ያዙ። ሆኖም ደሴቷ የራሷ ምንጭ ስላልነበራት የመጠጥ ውኃ ከየብስ ይመጣላት ነበር፤ የሲራራው መንገድም በዚያው ነበር የሚያልፈው። በዚህ ምክንያት ቱርኮች ሥልጣናቸውን በአቅራቢያው ባለችው በሕርጊጎ ለሚኖሩ የበለው ባላባቶች አካፈሉ። እነዚህ ሹሞች «ናይብ» ይባሉ ነበር፤ ትርጉሙም በዓረብኛ ምክትል ማለት ነው። ከመርከብም ከሲራራም ቀረጥ ይሰበስቡ ነበር።

የወደቡ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1865 ምጽዋ ወደ ግብፅ አስተዳደር ተላለፈች። ለኢትዮጵያ ነገሥታት ጉዳዩ የንግድ ብቻ አልነበረም፤ የጦር መሣሪያ የሚገባውና ከእስክንድርያ የሚላኩት ጳጳሳት የሚያልፉት ብዙ ጊዜ በዚህ ወደብ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 1884 አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በዓድዋ በተዋዋሉት ውል፣ የጦር መሣሪያን ጨምሮ የኢትዮጵያ ዕቃ ሁሉ በምጽዋ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተፈቀደ። ይሁን እንጂ ከስምንት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1885፣ ጣልያኖች በእንግሊዝ ይሁንታ ከተማዋን ያዙ። ምጽዋም ለጣልያን የኤርትራ ቅኝ ግዛት መነሻ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1911 ደግሞ በባቡር ሐዲድ ከአሥመራ ጋር ተገናኘች።