አገር በቀል ችግኝ ከመውሰዳችሁ በፊት

ፋግታ ለኮማን ጨምሮ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ብዙ ማሳ በዲከረንስ ተሸፍኗል። ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ በከሰል ብዙ ቤተሰብ አቋቁሟል። በቅርብ ዓመታት የገባው የዝገት በሽታ ግን በአንድ ዝርያ ብቻ መተማመን እንደማያዋጣ አሳይቷል። እናም ለዘንድሮ ክረምት አገር በቀል ዛፍ ያሰባችሁ፣ ችግኝ ጣቢያ ስትሄዱ እነዚህን አጣሩ፦

1. ዘሩ ከየት መጣ? ከብዙ እናት ዛፎች የተለቀመ ይሻላል። ኮሶ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ስለሆነ ዘር የሚገኘው ከሴቴው ነው።

2. መቼ ተለቀመ? የጥቁር እንጨት ዘር ቆይቶ ከተዘራ አይበቅልም። የዝግባ ዘር ደግሞ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ለመብቀል ጊዜ ይፈጃል።

3. ሥሩ እንዴት ነው? ቁመት አያታላችሁ፤ አጠር ብሎ ግንዱ የወፈረውን ምረጡ። ከረጢቱን አንሡና ሥሩን እዩ፤ ከታች ወጥቶ መሬት ከያዘ በወቅቱ አልተገረዘም።

4. ፀሐይ ለምዷል? ከመተከሉ በፊት ጥላው ተነሥቶ ውኃውም መቀነስ አለበት።

ስትተክሉ ፕላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡ፤ ማሳ ላይ አትጣሉት። የተተከለውንም ከከብት አጥሩለት፤ ያልታጠረ ችግኝ የፍየል ቀለብ ነው።