የጁሪ ሠንጠረዥ፤ የዲጂታል ሥርዓቶችን ጽናት ስለሚመረምር ጥበብ

ድምፅን ወደ ቁጥር ለውጦ የሚያጣራ ዲጂታል መሣሪያ፣ አዲሱን ውጤት የሚያሰላው ከአዲሱ ግብዓት ብቻ ሳይሆን ራሱ አስቀድሞ ከሰጣቸው ውጤቶች ጭምር በሚሆንበት ጊዜ፣ ጽኑዕ መሆኑ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ሊመረመር ይገባዋል። ለአብነት ያህል፣ የቅርቡን ያለፈ ውጤት በ1.8 አባዝቶ፣ ከእርሱ የቀደመውን በ0.9 አባዝቶ ቀንሶለት፣ በዚያ ላይ አዲሱን ግብዓት የሚደምር ማጣሪያ፣ አንድ ጊዜ ተነክቶ ቢተው ጥቂት ተወዛውዞ ይከስማል፤ 1.8 የነበረው 1.95 ቢሆን ግን፣ ግብዓቱ ከቆመ በኋላ እንኳ ውጤቱ እያደገ ሄዶ፣ 40 እርምጃ ሳይሞላው ከግብዓቱ ከ1000 እጥፍ በላይ ይገዝፋል።

የዚህ ልዩነት ምስጢር ከማጣሪያው አባዢ ቁጥሮች በሚመሠረተው እኩልታ ሥሮች ውስጥ ይገኛል፤ ሥሮቹ ሁሉ በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ጠለል ላይ ሬዲየሱ 1 በሆነ ክብ ውስጥ ካደሩ ሥርዓቱ ጽኑዕ ሲሆን፣ በሁለተኛው ምሳሌያችን ግን አንደኛው ሥር 1.2 ሆኖ ከክቡ ውጭ ወድቋል። ይሁን እንጂ ከ4ኛ ዲግሪ በላይ ላሉ እኩልታዎች ሥሮቻቸውን በአባዢዎቻቸው ላይ በመደመር፣ በማባዛትና ሥር በማውጣት ብቻ የሚሰጥ አጠቃላይ ቀመር እንደሌለ ኖርዌያዊው አቤል በ1824 እ.ኤ.አ. ስላስረዳ፣ ሊቃውንት ሥሮቹን ሳይፈልጉ ስለ ስፍራቸው ብቻ ብያኔ የሚሰጥ መንገድ ሲሹ ኖረዋል። ለክቡ ጉዳይ በጀርመን ይሠሩ የነበሩት ሹርና ኮን በዲተርሚናንት የሚሠራ መልስ ቢያገኙም፣ ስሌቱ እጅግ አድካሚ ነበር።

ይህን ድካም ያቀለለው ኤልያሁ ጁሪ በ1923 እ.ኤ.አ. በባግዳድ ተወልዶ፣ በሃይፋና በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ በበርክሌይ ያስተማረ ሊቅ ነው። በእርሱ ሠንጠረዥ አባዢ ቁጥሮቹ በአንድ ረድፍ ይጻፋሉ፣ ከሥራቸውም ያው ቁጥሮች ተገልብጠው ይቀመጣሉ፤ ከሁለቱ ረድፎች በመስቀለኛ ማባዛትና በመቀነስ አንድ ቁጥር ያነሰው አዲስ ረድፍ ይወለዳል፣ ሦስት ቁጥሮች ብቻ እስኪቀሩ ድረስም እንዲሁ ይቀጥላል፤ በየረድፉም የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቁጥር በፍጹም ዋጋቸው ይነጻጸራሉ። ለ2ኛ ዲግሪ ግን ሠንጠረዡ እንኳ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ምሳሌያችን አባዢዎች ወደ አንድ ወገን ሲሰበሰቡ 1፣ −1.8 እና 0.9 ናቸውና፣ ድምራቸው 0.1፣ የመካከለኛው ምልክት ተቀይሮ የሚገኘው ድምር ደግሞ 3.7 በመሆናቸው ሁለቱም ከዜሮ በላይ ናቸው፤ የመጨረሻውም ቁጥር ከ1 ያንሳል፤ ስለዚህ ማጣሪያው ጽኑዕ ነው። በ1.95 ግን የመጀመሪያው ድምር −0.05 ይሆናል።

ዛሬ ኮምፒዩተር ሥሮቹን በቅጽበት ሲያወጣ ይህ ጥበብ አርጅቷል የሚል ቢኖር፣ በእኔ አስተያየት ዋነኛ ጥቅሙን አላየም። በመጀመሪያው ምሳሌ በ0.9 ፈንታ ገና ያልተወሰነ ቁጥር ቢቀመጥ፣ እነዚያው ጥቂት መመዘኛዎች ቁጥሩ ከ0.8 በላይና ከ1 በታች መሆን እንዳለበት ያሳያሉ፤ የኮምፒዩተሩ ስሌት ግን አስቀድሞ የተወሰነ ቁጥር ይጠይቃል። አባዢዎቹን በጥቂት ቢት አጠጋግቶ ለሚያስቀምጥ መሣሪያ የሚሠራ መሐንዲስም፣ ማጠጋጋቱ ቁጥሩን ከዚህ ወሰን እንዳያስወጣበት ስንት ቢት እንደሚበቃው የሚያሰላው ከዚሁ ተነሥቶ ነው።