ካርዱ አንኮበር፣ በሽተኛው ደብረ ብርሃን

ከአንኮበር ደብረ ብርሃን የሚያደርሰው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ መንገድ በግ ይወጣል፣ ገብስ ይወጣል፣ ሕመምተኛም ይወጣል። በጉን የጫነው ነጋዴ ከቤቱ ሳይነሳ የደብረ ብርሃንን ዋጋ በስልክ አጣርቷል። ከጎኑ የተቀመጠው ሕመምተኛ የያዘው ግን አራት ቦታ የታጠፈ የሪፈር ወረቀት ብቻ ነው። በጤና ጣቢያው የተመረመረው ደም ውጤት፣ የወሰደው መድኃኒት፣ ከዓመታት በፊት የያዘው ሕመም የተጻፈበት ማህደር እዚያው ካርድ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ቀርቷል።

ደብረ ብርሃን ሲደርስ አዲስ ካርድ ይወጣለታል፤ አዲስ ቁጥርም ይሰጠዋል። «ምን መድኃኒት ትወስድ ነበር?» ሲባል «ነጩን ክኒን» ብሎ የሚመልሰው ብዙ ነው። ሐኪሙም ምርመራውን እንደገና ያዛል። መድገሙን አንዳንዴ ሕክምናው ራሱ ይጠይቀዋል። የፊተኛው ውጤት ስላልተገኘ ብቻ ሲደገም ግን ትርፍ ወጪ ነው፤ ወጪ ደግሞ ከፋይ አለው።

ቁጥሩ ወደ ላይ

አገሪቱ በጤና መረጃ በኩል እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በተጀመረው ማሻሻያ እያንዳንዱ ሕመምተኛ በአንድ ተቋም አንድ ማህደርና አንድ ቁጥር እንዲኖረው ተደረገ። ማህደሩ ከመደርደሪያው ሲወጣ የት እንደሄደ የሚያመለክት ካርድ በቦታው ይገባል። በገጠር ጤና ኬላዎች ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚይዙት የቤተሰብ ማህደር መጣ።

ሪፖርቱም መስመር ይዟል። የጤናው የሪፖርት ወር እንደ ነጋዴው ወር በ30 አይዘጋም፤ ከ21 እስከ 20 ነው የሚቆጠረው። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልልና ወደ ጤና ሚኒስቴር ይወጣል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የጤናው ዘርፍ የአምስት ዓመት ዕቅድ «የመረጃ አብዮት»ን ከዋና ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አደረገው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህም በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ይህን ሪፖርት ይዞ ወደ ላይ እያደረሰ ነው።

በዚህ መስመር በአንድ ወረዳ በወሩ ስንት ሰው በወባ እንደታከመ ይታወቃል። የማይታወቀው፣ ዛሬ ከመኪናው የወረደው ሰው ባለፈው ሳምንት ምን መድኃኒት እንደወሰደ ነው። ነገሩ በቀን ስንት ኩንታል ጤፍ እንደገባ በትክክል መዝግቦ፣ የትኛው ኩንታል የማን እንደሆነ የማያውቅ የእህል በረንዳ ይመስላል። ለዓመታት ገንዘብና ጉልበት የፈሰሰው ቁጥሩን ወደ ላይ በሚያወጣው ቧንቧ ነው። የሰውየውን ታሪክ ከተቋም ወደ ተቋም፣ ማለትም ወደ ጎን፣ የሚያሻግረው ቧንቧ ቀጭን ሆኖ ቀርቷል።

በግለሰቡ ማህደር በኩልም ሙከራ አልጠፋም። ከዛምቢያ የመጣውና በአሜሪካው ቱሌን ዩኒቨርሲቲ እገዛ ለኢትዮጵያ የተስማማው ስማርት ኬር በተለያዩ ሆስፒታሎች ገብቶ ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ አምስት ሆስፒታሎችን ባየ ጥናት፣ ከተጠየቁት ባለሙያዎች አብላጫዎቹ በኮምፒውተሩ ማህደር እንዳልረኩ ተናግረዋል። ወረቀቱም ኮምፒውተሩም አብረው ሲቀጥሉ ነርሷ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ትጽፋለች፤ ሰልፉም ይረዝማል። ሥራ የሚጨምርባትን መሣሪያ የምትወድ ነርስ የለችም።

ሁለት ሆስፒታል፣ ሁለት ባለቤት

ደብረ ብርሃን የነገሩን ክብደት በአንድ ከተማ ውስጥ ታሳያለች። አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉ በክልሉ መንግሥት ሥር ነው። ሐኪም ግዛው ሆስፒታል ደግሞ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚህ ላይ የግል ክሊኒኮች፣ የምርመራ ላቦራቶሪዎችና መድኃኒት ቤቶች አሉ። ሁሉም በየግቢያቸው ምርጥ ኮምፒውተር ቢተክሉ እንኳን ሕመምተኛው ካንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር መረጃው አብሮት እንዲሻገር ሦስት ነገር ያስፈልጋል።

አንደኛው ቁጥር ነው። በየካርድ ክፍሉ የሚሰጠው ቁጥር ከግቢው ሲወጣ ዋጋ የለውም፤ በስም መፈለግም አያዋጣም፤ አንድ ስምና የአባት ስም ያላቸው ሰዎች በአንድ ቀበሌ እንኳን ብዙ ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው የፋይዳ መታወቂያ እዚህ ላይ መፍትሔ ሊሆን ይችላል፤ መታወቂያ የሌለው ሰው ግን ሕክምና እንዳያጣ መደረግ አለበት።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። አንዱ «ስኳር» ብሎ የጻፈውን ሌላው በእንግሊዝኛ አሕጽሮት ቢጽፈው ኮምፒውተሩ ሁለት በሽታ ያደርገዋል። ለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ ኮድ አለ። መረጃውን ከማሽን ወደ ማሽን ለማስተላለፍ ደግሞ ኤችኤል 7 የተባለው ድርጅት ያወጣው ፋየር የሚሰኝ መስፈርት በዓለም ዙሪያ እየተለመደ ነው።

ሦስተኛው ደንብ ነው፤ ማን ያያል፣ ምን ያህል ያያል፣ ሲሳሳት ማን ይጠየቃል? ከሦስቱ በገንዘብ የማይገዛው ይኸኛው ነው። ሥራ አስኪያጆች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚፈራረሙት ነውና።

ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ሲጀመር ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩበት። ከዚያ ወዲህ ሰፍቷል። ገበሬው በዓመት አንዴ ያዋጣል፤ ሲታመም ይታከማል፤ ሆስፒታሉ ሂሳቡን ለመድኑ ይልካል። ሳያስፈልግ የተደገመ ላቦራቶሪና ራጅ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል፤ የሚከፈለውም ከዚያው ከገበሬው መዋጮ ነው። መድን የሌለው ደግሞ በጉን ይሸጣል።

በወረቀት የመጣን ሂሳብ ከወረቀት ማህደር ጋር ማመሳከር አድካሚ ነው። ማመሳከሩ በዘገየ ቁጥር የሆስፒታሉ ገንዘብ ይዘገያል፤ የሆስፒታሉ ገንዘብ ሲዘገይ መድኃኒት አቅራቢው በዱቤ ይቆያል። የመድኃኒት ጅምላ ነጋዴው የካርድ ክፍሉ ነገር አይመለከተኝም ሊል አይችልም፤ የተያዘበት ገንዘብ ከዚያ ይጀምራልና።

ለሻጩም ለገዢውም

በዚህ ገበያ ለመግባት የሚያስቡ የአዲስ አበባ ሶፍትዌር ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ኦፕን ኤምአርኤስና በላዩ የተሠራው ባህምኒ ፈቃድ የማይከፈልባቸው ናቸው። ቢሆንም በነፃ የተገኘ በሬም ድርቆሽ ይበላል፤ ሠራተኛ ማሠልጠን፣ የመብራት መጠባበቂያ፣ የኮምፒውተር ጥገናና ሌሊት ሲበላሽ የሚመጣ ባለሙያ ሁሉም ገንዘብ ነው። የዓመት ፈቃዱ በዶላር የሚከፈል ሶፍትዌር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። በጀቱን በብር የሚይዝ ሆስፒታል እንዲህ ያለውን ዝላይ አይችለውም።

ከዋጋው በላይ መታየት ያለበት ውሉ ሲያልቅ የሚሆነው ነው። መረጃው በሻጩ ሳጥን ተቆልፎ የሚቀር ከሆነ ሆስፒታሉ የገዛው ሶፍትዌር ሳይሆን ዕዳ ነው። መስመሩም ሲቋረጥ መሥራት አለበት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ሰሜን ሸዋ ላይ የሚተከል ሥርዓት እዚያው መዝግቦ፣ መስመር ሲመጣ የሚያስተላልፍ ካልሆነ ለጌጥ ነው።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ ልግዛ ማለትም ያከስራል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2002 የመላ አገሪቱን ሆስፒታሎች በአንድ ግዙፍ ፕሮግራም ላገናኝ ብላ ቢሊዮን ፓውንዶች ካፈሰሰች በኋላ በ2011 ፕሮግራሙ እንዲበተን ወስናለች። ለሰሜን ሸዋ የሚያዋጣው በትንሹ መጀመር ነው፤ ከአንኮበር ወረዳ ጤና ጣቢያዎች ወደ ደብረ ብርሃን የሚላከው የሪፈር ወረቀትና የሚመለሰው መልስ ብቻ። የሐኪሙ መልስ ወደ ላኪው ጤና ጣቢያ ቢደርስ ሕመምተኛው ለክትትል ዳግመኛ ወደ ከተማ ከመውጣት ሊተርፍ ይችላል።

የአሠሪው ጥያቄ

ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ፣ የቢራና የእንጨት ውጤቶች ፋብሪካዎች፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተማ ናት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ ያርፋል። አሠሪው የሕመም ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ቢሻ ተገቢ ነው። ይሁንና ማወቅ ያለበት የዕረፍቱን ቀን እንጂ የበሽታውን ስም አይደለም።

የጤና መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ተደርጎ ተመድቧል። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዘረጋችው ሥርዓት ዜጋው ማህደሩን ማን እንደከፈተ ራሱ ገብቶ ያያል። ሰው ምስጢሬ ይወጣል ብሎ ከፈራ ለሐኪሙ እውነቱን አይናገርም፤ ውሸት የተሞላ ማህደር ደግሞ በየትኛውም ፍጥነት ቢተላለፍ ጥቅም የለውም።

እንግዲህ ገዢው ቼክ ከመጻፉ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቀው። ሁለት ኮምፒውተር ይምጣ፤ አንዱ በጤና ጣቢያው፣ ሌላው በሆስፒታሉ ስም ይቀመጥ። ባንደኛው የተጻፈ ሪፈር፣ መስመሩ ተቋርጦ ሲመለስ፣ በሌላኛው ይከፈት። ከተከፈተ ስለ ዋጋው መነጋገር ይቻላል። ካልተከፈተ ግን የቀረበው ዕቃ የብረት ካቢኔው ባለ ስክሪን ወንድም ነው፤ ካቢኔው ደግሞ በርካሽ ይገኛል።