“ለሱ እንቅልፍ ነው የምከፍለው?” የጎበዝ ሠራተኛና የማህበር ነገር

ልጁ ተናዷል። ሻዩ ፊቱ ላይ ቀዝቅዟል፤ እሱ ግን ያወራል። ዕድሜው 27 ነው። ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ የብስኩት ፋብሪካ የማሽን ኦፕሬተር ሆኖ ስድስት ዓመት ሠርቷል። አርፍዶ አያውቅም። ማሽኑ ሲቆም መካኒክ እስኪመጣ እጁን አጣምሮ አይጠብቅም። አዲስ ገቢዎችንም የሚያሠለጥነው እሱ ነው።

“ማህበሩ ከድርጅቱ ጋር ተደራድሮ ጭማሪ አመጣ ተባለ። ደስ አለን። ፔሮሉን ስናይ ግን ለሁላችንም እኩል! ለኔም 800 ብር፣ በሌሊት ሺፍት ካርቶን አንጥፎ ለሚተኛውም 800 ብር። ታዲያ በየወሩ ከደሞዜ የምትቆረጠዋ መዋጮ ለምንድነው? ለሱ እንቅልፍ ነው የምከፍለው?”

ኪሱ ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት አለ። ከማህበሩ አባልነት ለመውጣት የጻፈው ማመልከቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ሊያስገባው ቆርጧል። እኛን ያገኘን “ልክ ነህ” እንድንለው ነው። እኛ ግን ልክ የሆነበትም ያልሆነበትም ነገር አለው እንላለን።

<b>ልክ የሆነበት</b>

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የዚህ ልጅ ብስጭት የብዙ ጎበዞች ብስጭት ነው። ማህበር የሚደራደረው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሁሉም ነው። ለሁሉም ሲደራደር ደግሞ የሚቀለው በእርከን፣ በአገልግሎት ዘመን ወይም እኩል ማካፈል ነው። “እከሌ ከእከሌ ይበልጣል” ማለት ጠብ ያመጣል። የማህበር መሪ ደግሞ በድምፅ የሚመረጥ ሰው ነውና ጠብ አይወድም። እናም የጎበዙ ላብና የሰነፉ እንቅልፍ በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ።

ይሄ የኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። ፍሪማንና ሜዶፍ የተባሉ ሁለት የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ አሜሪካ ሠራተኛ ማህበራት ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ማህበር ባለበት ቦታ በሠራተኞች መካከል ያለው የደሞዝ ልዩነት እንደሚጠብ ጽፈዋል። የታችኛው ከፍ ይላል፣ የላይኛው ያን ያህል ርቆ አይሄድም። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን ሌላም ነገር አለ። ማህበር ያለው ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ሥራ አይለቅም። ለምን ቢባል፣ ሲከፋው ጥሎ ከመሄዱ በፊት የሚናገርበት አፍ ስላለው ነው።

“አፍ” የምትለዋን ቃል ያዙልን። ወደ ሁለተኛዋ ባለታሪካችን ስንሄድ ታስፈልገናለች።

<b>ፎቶዋ ግድግዳው ላይ ነበር</b>

ዕድሜዋ 24 ነው። 40 ያህል ሠራተኞች ባሉት፣ ማህበር ግን በሌለው የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ ትሠራ ነበር። እጇ ፈጣን፣ ስፌቷ ንጹህ ስለነበር ሁለት ጊዜ “የወሩ ምርጥ ሠራተኛ” ተብላ ፎቶዋ መግቢያው ላይ ተለጥፏል። “ማህበር ለሰነፍ ነው፤ እኔን ሥራዬ ይናገርልኛል” እል ነበር ትላለች እየሳቀች። ሳቋ ግን ብዙም አይጥምም።

አንድ ቀን የሚያውቃት ሥራ አስኪያጅ ለቀቀ። አዲስ ሰው መጣ። ትዕዛዝ በዛና ማምሸት ተጀመረ። ለሦስት ወር ያህል በሳምንት ሦስት ቀን እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ሠራች። ደሞዝ ሲመጣ የትርፍ ሰዓቱ በተራ የቀን ሂሳብ ተሰልቶ አገኘችው። ያመሹት ሁሉ ያውቃሉ፣ ሁሉም ያጉረመርማሉ። ቢሮ የገባችው ግን እሷ ብቻ ናት።

“ጎበዝ ስለሆንኩ የሚሰሙኝ መስሎኝ ነበር። ሰውየው ቀና ብሎም አላየኝም። ‘ካልተስማማሽ በሩ ክፍት ነው’ አለኝ። ስወጣ እነዚያ አብረውኝ ሲያጉረመርሙ የነበሩት አንገታቸውን ደፍተው ይሰፋሉ። ያኔ ነው የገባኝ። ጎበዝነቴን የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ሄዷል!”

ከዚያ ወዲያ “አስቸጋሪ” የሚል ስም ወጣላት። ከሁለት ወር በኋላ ራሷ ለቀቀች። ፎቶዋ ከግድግዳው ላይ መቼ እንደተነሳ አታውቅም።

ሕጉ ከማን ጋር ነበር? ከሷ ጋር! የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5 እንዲባዛ ያዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ በ2.5 ይባዛል። እንግዲህ የጎደላት ሕግ አይደለም። ሕጉን ይዞ አብሯት ቢሮ የሚገባ ሰው ነው የጎደላት።

ያው አዋጅ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት፣ ቢያንስ በአሥር አባላት ማህበር ማቋቋም ይቻላል ይላል። ሠራተኛን የማህበር አባል ሆነሃል ብሎ ማሰናበትም ሕገወጥ ነው። እነሱ አርባ ነበሩ። አሥር ይበቃ ነበር።

<b>ሰነፉስ ታዲያ?</b>

“እሺ፣ ግን ማህበሩ ሰነፉን ይሸፍነዋል” አለን የብስኩቱ ልጅ። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን አዋጁን ገልጠን አሳየነው። ያለ በቂ ምክንያት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። ታዲያ ካርቶን አንጥፎ የሚተኛውን ሰው ማን ጻፈበት? ማንም! ፎርማኑ አይቶ እንዳላየ አለፈው። የአለቃን ሥራ ማህበር አልሠራም ብሎ ማማረር ልክ አይመስለንም።

ይልቅ ብዙ ጎበዞች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ በዘፈቀደ አይደለም። አዋጁ አሠሪው ከማህበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር ተመካክሮ፣ ችሎታና ከፍ ያለ የምርት ውጤት ላላቸው ሠራተኞች በሥራ ላይ የመቆየት ቅድሚያ እንዲሰጥ ያዛል። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያ ምክክር ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው የማህበር ተወካይ ጎበዙን የሚያውቅ ሰው ነው ወይስ የለጋሚዎች ጓደኛ? ጎበዞቹ ሁሉ አኩርፈው ከወጡ መልሱ ግልጽ ነው።

ደግሞስ እድር ላይ “እከሌ ሰነፍ ነበር፣ ድንኳን አይተከልለት” ይባላል እንዴ? ማህበርም ግማሽ ጎኑ እድር ነው። ለክፉ ቀን ነው። ማሽን ጣት ሲቆርጥ፣ ታይፎይድ አልጋ ላይ ሲጥል፣ አለቃ ሲቀየር ጎበዝና ሰነፍ አይለይም። ጎበዝነት ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ለጤነኛ ቀን ነው።

<b>የማህበሩም ጉድ አይደበቅ</b>

ማህበር ሁሉ ቅዱስ ነው እያልን አይደለም። ከተመረጡ ወዲህ ስብሰባ ጠርተው የማያውቁ፣ የመዋጮው ሂሳብ ሲጠየቅ የሚቆጡ፣ ከአለቃ ጋር ማኪያቶ ጠጥተው የሠራተኛውን ጥያቄ እዚያው ጥለውት የሚመለሱ መሪዎች አሉ። እንዲህ ያለ ማህበር ለጎበዙም ለሰነፉም አይረባም። ግን የተበላሸ ማህበርን በባዶ ሜዳ መለወጥ መፍትሔ አይሆንም። ልጅቷን ባዶ ሜዳ ምን እንዳደረጋት አይተናል።

<b>ምን ይሻላል?</b>

አንደኛ፣ ማህበር ያላችሁ የኅብረት ስምምነቱን ኮፒ ጠይቁና አንብቡ። ስምምነቱ የደሞዝ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዕድገት፣ በዝውውር፣ በቅነሳና በዲሲፕሊን የሠራተኛው ተሳትፎ ምን እንደሚሆን በዚሁ ስምምነት ሊወሰን እንደሚችል አዋጁ ይናገራል። እንግዲያውስ የዕድገት መመዘኛው በጽሑፍ ይውጣ፣ ከእኩል ጭማሪው በተጨማሪ በምርት የሚለካ ቦነስ ይግባ ብሎ መጠየቅ ያለበት ማነው? ጎበዙ ነዋ!

ሁለተኛ፣ የመዋጮውን ሂሳብ በስብሰባ ላይ ጠይቁ። ምርጫ ሲመጣ ደግሞ “እኔ ሥራ ይበዛብኛል” ብላችሁ ወንበሩን ሥራ ለሌለው ሰው አትተዉለት።

ሦስተኛ፣ ማህበር የሌላችሁ ቢሮ ብቻችሁን አትግቡ። ያመሻችሁበትን ቀንና ሰዓት በደብተር መዝግቡ፣ ጓደኞቻችሁም ይመዝግቡ። አሥር ደብተር ከአንድ ጎበዝ ይበልጣል። (የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ግን በሌላ ሕግ ስለምትተዳደሩ ይህ አዋጅ አይመለከታችሁም።)

ለብስኩቱ ልጅ ያልነው ይህንኑ ነው። “ወረቀቱን አትቅደደው፤ ጀርባው ባዶ ነው። እዚያ ላይ ለማህበሩ ‘ቦነስ በምርት ይለካ’ ብለህ ጻፍና መስመርህ ላይ ያሉትን አስፈርም” አልነው። ዝም አለ። የቀዘቀዘውን ሻይ አንድ ጊዜ ጨለጠው።

“የሚተኛውም ይፈርም?” አለን በመጨረሻ።

እሱ እንኳ ቢፈርም ምን ቸገረህ? ቦነሱ ሲመጣ ማን እንደሚያገኘው ይታያላ!

ሰኞ የትኛውን ገጽ እንዳስገባ ገና አልሰማንም።