ዓይኑ የት ቆሟል?

ጣሊያን፣ ኡርቢኖ ከተማ፣ በጥንቱ የመስፍን ቤተ መንግሥት ውስጥ አንድ ረዘም ያለ የእንጨት ሥዕል አለ። ወርዱ 2.40 ሜትር ገደማ ነው፤ ቁመቱ 70 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የተሣለው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ እንደሆነ ይገመታል። ማን እንደሣለው ግን ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙም። የሚያሳየው የትም ያልተገነባ ከተማ ነው፤ መሐሉ ላይ ክብ ሕንፃ፣ ግራና ቀኙ ባለፎቅ ቤቶች፣ ፊት ለፊቱ በድንጋይ ንጣፍ የተዋበ ሰፊ አደባባይ። አንድም ሰው አይታይበትም። «ፍጹሙ ከተማ» ይሉታል።

እንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ስንቆም ብዙዎቻችን «እዚህ ማን ሊኖር ነው?» ብለን እንጀምራለን። እኔ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ እላለሁ፦ የሚያየው ዓይን የት ቆሟል? ምናባዊ ከተማ የሚነበበው ከዚህ ተነስቶ ነው።

መልሱን በማስመሪያ ማግኘት ይቻላል። የሥዕሉን ቅጂ ወረቀት ላይ ያትሙና ወደ ውስጥ የሚሄዱትን የንጣፉን መስመሮች በእርሳስ ያስረዝሟቸው። ሁሉም አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ገርበብ ብሎ በተተወው የክቡ ሕንፃ በር ላይ። ይህ መጥፊያ ነጥብ ይባላል። በነጥቡ በኩል አግድም የሚያልፈው መስመር ደግሞ አድማሱ ነው፤ ከፍታው ሁልጊዜ ከተመልካቹ ዓይን ከፍታ ጋር እኩል ነው። በኡርቢኖው ሥዕል ዓይኑ ያለው እታች፣ በበሩ ትይዩ ነው። ከሰማይ ቁልቁል አይመለከትም።

አድማሱ ከተገኘ መለካት ይቻላል፤ ፐርስፔክቲቭን፣ ማለትም ርቀትን በመስመሮች የማሳየትን ዘዴ፣ የምወደውም በዚህ ነው። በሜዳ ላይ የቆመ ጎልማሳ ዓይኑ ከመሬት 1.60 ሜትር ያህል ከፍ ይላል እንበል። በእርሱ ዓይን በተሣለ ሥዕል ውስጥ፣ ቅርብም ሆነ ሩቅ፣ ከመሬት እስከ አድማሱ ያለው ከፍታ ያው 1.60 ነው። አድማሱ አንድን በር ከወገቡ ላይ እኩል ከከፈለው፣ የበሩ ቁመት 3.20 ሜትር ነው ማለት ነው። ዓምዱንም፣ መስኮቱንም እንዲሁ ማስላት ይቻላል። ከተማው የለም፤ በሩ ግን ይለካል!

ይህ ሕግ የተፈተነው በእውነተኛ ሕንፃ ላይ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አርክቴክቱ ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ የፍሎረንስን ቤተ ጥምቀት በትንሽ ሰሌዳ ላይ ሣለ፤ ሰሌዳውን በስቶ፣ ከጀርባው በቀዳዳው እያየ፣ ፊት ለፊት በተያዘ መስታወት ውስጥ ሥዕሉን ከሕንፃው ጋር አስተያየ። ሌላው አርክቴክት ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ እ.ኤ.አ. በ1435 ዘዴውን በመጽሐፍ አሰፈረው። ሕጉ ከታወቀ በኋላ ሕንፃው መኖሩ ግዴታ አልሆነም። ለኡርቢኖው ሠዓሊ መንገዱ የተከፈተው በዚህ ነው።

ዓይኑ ቦታ ሲቀይር ከተማውም ጠባዩን ይቀይራል። ጣሊያናዊው አርክቴክት አንቶኒዮ ሳንቴሊያ እ.ኤ.አ. በ1914 ሚላን ላይ «አዲሲቱ ከተማ» ያላቸውን ሥዕሎች ለሕዝብ አሳየ፦ እየተደረደሩ ወደ ኋላ የሚያፈገፍጉ የመኖሪያ ሕንፃዎች፣ ከሕንፃው ውጭ የቆሙ የአሳንሰር ማማዎች፣ በተለያየ ከፍታ የሚተላለፉ መንገዶች፣ ባቡርና አውሮፕላን የሚገናኙበት ጣቢያ። በብዙዎቹ ሕንፃው ማዕዘኑን ወደ እኛ አዙሯል፤ መስመሮቹም ወደ አንድ በር መሰብሰባቸው ቀርቶ ወደ ግራና ቀኝ ይሸሻሉ። ዓይናችን እታች ስለሆነ ቀና ብለን እናያለን። ኡርቢኖ ላይ የነበረው እርጋታ እዚህ የለም። ሳንቴሊያ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ28 ዓመቱ፣ ጦር ሜዳ ላይ ሞተ፤ ከተማው ወረቀት ላይ ቀረ።

እኛንም የሚነካ አንድ ምሳሌ አለ። አዲስ አበባ በፋሺስት ጣሊያን እጅ በወደቀችበት በ1936 እ.ኤ.አ. ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ ለከተማዋ የፕላን ንድፍ ነድፎ ለሙሶሊኒ አቀረበ። ሰፊና ቀጥ ያለ ዋና ጎዳና ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም። ፕላን ቁልቁል የሚታይ ስለሆነ አድማስ የለውም፤ አድማስ ከሌለው ደግሞ መሬት ላይ የቆመ ዓይን የለውም። ያለ ፕላን ማንም አይገነባም፤ ይህ ልክ ነው። ነገር ግን ሕዝብ ሰፈር መሥርቶ፣ ቤት ሠርቶ በሚኖርባት ከተማ ላይ፣ ያውም ለወራሪ፣ ዓይንን ሰማይ ላይ ሰቅሎ መሣል ነዋሪውን ከሥዕሉ ማውጣት ነው።

ዛሬ በግንባታ አጥር ላይ የሚለጠፉትን የሪል እስቴት ሥዕሎችም በዚሁ ዘዴ መመርመር ይቻላል። ዓይኑ በቆመ ሰው ከፍታ ላይ ከሆነና መሬቱ ሜዳ ከሆነ፣ ቅርብም ራቅም ያሉ ጎልማሶች ሁሉ ዓይናቸው አድማሱ አካባቢ ሊውል ይገባል። ከዚያ በጣም ዝቅ ብለው ከተገኙ ሰዎቹ አንሰው ተሥለዋል፤ ሕንፃውም የገዘፈው በእነርሱ ማነስ ነው።